ከአንቺ የምትቀል ጀልባ፦ ለመጀመሪያው የኢልካ 6 ውድድርሽ መሰናዶ

አንድ ሰው ብቻዋን የምትነዳት የሸራ ጀልባ የሆነችው የኢልካ 6 ባዶ ቀፎ (አካሏ) 59 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የምትነዳት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 72 ኪሎ ትሆናለች። እንግዲህ ከጀልባዋ ክፍሎች ሁሉ ከባዱ አንቺ ነሽ። ነፋስ ሲያጋድላት የምታቀኛት፣ ሞገድ ሲያቆማት የምታሻግሪያት፣ ስትዞርም ጉልበት የምትሰጫት በገላሽ ነው። ምሰሶውን በሚሊ ሜትር እየለካች የራሷን ውሃ፣ ምግብና ጉልበት ግን በግምት የምትተው ጀማሪ በሦስተኛው ዙር ላይ ወደ ኋላ መቅረቷ አይቀርም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ገመዱ እንደምንናገር ሁሉ ስለ ገላም በዚያው ልክ እንናገራለን።

ኢልካ 6 ቀድሞ ሌዘር ራዲያል ትባል የነበረችው ጀልባ ናት፤ ስሟ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በንግድ ምልክት ክርክር ምክንያት ተቀየረ። ርዝመቷ 4.23 ሜትር ነው። አንዱ ቀፎ ሦስት ዓይነት ሸራ ይሸከማል፦ ለታዳጊዎች 4.70፣ ለኢልካ 6 የሚሆነው 5.76፣ ለኢልካ 7 ደግሞ 7.06 ካሬ ሜትር። ከቤጂንግ 2008 ጀምሮ በኦሊምፒክ ሴቶች ለብቻቸው የሚወዳደሩባት ጀልባ ይህችው ናት። ኔዘርላንዳዊቷ ማሪት ባውሜስተር በለንደን ብር፣ በሪዮ ወርቅ፣ በቶኪዮ ነሐስ ወስዳ፣ በ2022 ወልዳ፣ በ2024 ማርሴይ ላይ እንደገና ወርቅ አግኝታባታለች። አማርኛ ተናጋሪው በብዛት በሚኖርባቸው የውጭ አገሮችም ባሕሩ ሩቅ አይደለም፦ በእስራኤል ከሃይፋ እስከ ቴል አቪቭ ያለው ጠረፍ፣ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬደው አናፖሊስ፣ የስቶክሆልም ደሴቶች። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንግዳ አይደሉም፤ የ2021 የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በኦማን፣ አል ሙሰናህ ነበር።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። ታክ፣ ጃይብ፣ ቡም፣ ቫንግ የሚሉትን እንዳሉ ትተናቸዋል፤ ክለብ ውስጥ የምትሰሚው እነሱኑ ነው። ታክ አፍንጫን በነፋሱ በኩል አሳልፎ መዞር ነው፤ ነፋሱ የሚመጣበትን ጎንም ታክ ይሉታል። ጃይብ ጀርባን በነፋሱ በኩል አሳልፎ መዞር፣ ቡም ሸራውን ከታች የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ፣ ቫንግ ቡሙን ወደ ታች የሚስበው ገመድ ነው። ነፋሱ ወደሚመጣበት መሄድን "ሽቅብ"፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት መውረድን "ቁልቁል" እንላለን። ከሁለት ጀልባዎች ወደ ነፋሱ የቀረበችው "ላይኛዋ"፣ ሌላዋ "ታችኛዋ" ናት። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን መዞሪያ ግን "ምልክት" ብለነዋል፤ የባሕር ሰዎች "ቦይ" ይሉታል፣ ለእኛ ጆሮ ግን ቦይ የመስኖ ነው።

ከሁሉ በፊት መዋኘት

ደጋ ላይ ያደገች ብዙ ሴት ሳትዋኝ ነው ትልቅ የምትሆነው፤ አያሳፍርም፣ ግን ተዘሎ አይታለፍም። መመዘኛው ይኸው፦ ሙሉ የባሕር ልብስና ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሰሽ 50 ሜትር ሳትጨነቂ ከዋኘሽ፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥም 5 ደቂቃ ተረጋግተሽ ከቆየሽ ጀልባ ላይ መውጣት ትችያለሽ። ቀጥሎ አሠልጣኝ ባለበት፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ፣ ሸራው ከራስሽ በላይ ተዘርግቶ ተለማመጂ። መዳፍሽን ወደ ላይ ገፋ አድርገሽ ሸራውን ስታነሺው አየር የሚገባበት ቦታ ይፈጠራል፤ ከዚያ አንዱን ስፌት በጣትሽ ተከትለሽ እስከ ጠርዙ ውጪ። ይህን ሦስት ጊዜ ያደረገች ሴት ስትገለበጥ አትደነግጥም።

ያገለገለች ጀልባ ስትመርጪ

በመጀመሪያው ዓመት ከክለብ መከራየት ይሻላል። መግዛት ካለብሽ ግን ቀለሟን ትተሽ እነዚህን እዪ። ምሰሶው የሚገባበትን ጉድጓድ በውሃ ሙዪና 15 ደቂቃ ጠብቂ፤ ውሃው ከጎደለ ወደ ቀፎው እየሰረገ ነው። ይህ ጉድጓድ ከተበሳ አንድ ቀን በከባድ ነፋስ ምሰሶው የጀልባዋን ወለል ቀዶ ይወጣል። ቀጥለሽ ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ያለውን የላይ ወለል በመዳፍሽ ተጫኚ። ከረገበ ወይም ከተንቋቋ ውስጡ ተላቋል። ሚዛን ካለ አስመዝኚያት፤ ከ62 ኪሎ ካለፈች ውሃ ጠጥታለች ብለሽ ጠርጥሪ።

ምሰሶው ሁለት ቁራጭ ነው። የላይኛውን ቁራጭ በጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አንከባልዪው፦ ከዘለለ ጎብጧል ማለት ነው። አሉሚኒየም ከሆነ መገጣጠሚያው አካባቢ መጉበጡ የታወቀ በሽታው ነው፤ የካርቦን ውህዱ ውድ ቢሆንም ጎብጦ አይቀርም፣ በኢልካ ማኅበር ደንብም ይፈቀዳል። ሸራ ስትገዢ ደግሞ ለልምምድ የሚሸጠው ርካሽ ቅጂ በይፋዊ ውድድር ላይ እንደማያስገባሽ እወቂ። በቅጂው ተለማመጂ፣ ሕጋዊውን ለውድድር ቀን አስቀምጪ።

ጀልባዋን ማሰናዳት

አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሪ። ሁለቱን የምሰሶ ቁራጮች ግጠሚ፤ የሸራውን እጅጌ ከላይ አጥልቂበት። ሦስቱን የሸራ ዘንጎች ስታስገቢ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ምሰሶው ይሁን፤ ከተገለበጠ ሸራው ሆዱን በማይገባ ቦታ ይነፋል። የጉድጓዱን አሸዋ በጨርቅ ጥረጊ፦ ምሰሶው በተዞረ ቁጥር አንዲት እፍኝ አሸዋ እንደ ሞረድ ትቦረቡረዋለች። ምሰሶውን ቀጥ አድርገሽ አስገቢና በቀጭን ገመድ ከላይ ወለሉ ጋር እሰሪው። ደንቡም ያዛል፤ ካልታሰረ ጀልባዋ ስትገለበጥ ምሰሶው ይወልቃል። ገመዱ ግን ምሰሶው እንዳይዞር አድርጎ አይጠበቅ።

ቡሙን ሰኪ፤ ቫንጉን፣ ከዚያ አውትሆሉን (የሸራውን የኋላ ጥግ የሚወጥረውን ገመድ) አያይዢ። የኋላውን ጥግ ከቡሙ ጋር የሚያስጠጋው ማሰሪያ ጥብቅ ይሁን፣ ግን ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተት። የሸራውን ዋና ገመድ (6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን) በብሎኮቹ (በገመድ ማለፊያ መዘውሮቹ) ካሳለፍሽ በኋላ ጫፉን ስምንት ቁጥር ቋጪው።

ከጀልባዋ ኋላ ላይ፣ ከመሪው እጀታ በላይ የሚያልፈው ትራቨለር የሚባለው ገመድ እንደ ክራር ክር መወጠር አለበት። ከላላ ቡሙ ወደ መሃል ይሳባል፣ ጀልባዋም ትታፈናለች። መሪውን ስታስገቢ መያዣው ምላስ "ቀጭ" ሲል ስሚ፤ ያን ድምፅ ካልሰማሽ ስትገለበጪ መሪው ወደ ባሕሩ ወለል ይሄዳል። የመሃል ሰሌዳውንም (በቀፎው መሃል ወደ ውሃ የሚወርደውን) በላስቲኩ እሰሪ።

በመጨረሻ ቡሹን። በጀልባዋ ኋላ ያለችው ትንሿ መድፈኛ ተረስታ ስንት ውድድር ተበላሽቷል! እጅሽን ልከሽ ዳስሺያት፤ ዓይን አይታመንም።

ወደ ውሃ ስትገቢ የመሪውን ምላጭ እስከ መጨረሻው አውርደሽ እሰሪ። ሁለት ጣት እንኳ ከፍ ካለ እጀታው ይከብድሻል፤ አንቺ ደግሞ የክንድሽ ድካም ይመስልሻል።

ሦስቱ ገመዶች

ዋናውን ገመድ ሳይጨምር ሸራውን የሚቀርጹት ሦስት ናቸው፦ አውትሆል፣ ከኒንግሃምና ቫንግ። የነፋስ ፍጥነት በኖት ይለካል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

አውትሆሉን በእጅሽ ለኪ፤ የሸራው የታች ጠርዝ መሃል ላይ ከቡሙ ምን ያህል እንደራቀ እዪ። ከ8 ኖት በታች አንድ ጋት ተኩል ይበቃል፤ ደካማ ነፋስ ጥልቅ ሆድ ያለውን ሸራ ዞሮ ማለፍ አይችልም። ከ8 እስከ 14 ኖት፣ በተለይ ሞገድ ካለ፣ ወደ አንድ ስንዝር አላዪው፤ ሞገዱን ለመግፋት ጉልበት ያስፈልጋልና። ከ15 በላይ ወደ አንድ ጋት መልሺው።

ከኒንግሃሙ የሸራውን የፊት ጠርዝ ወደ ታች የሚስበው ነው። በደካማ ነፋስ ፈጽሞ አትንኪው፤ በምሰሶው ዳር የሚታየው ሽብሽብ ለዓይን ቢያስጠላም ፍጥነት አይቀንስም። ጀልባዋን ማቅናት ሲያቅትሽ ብቻ ሳቢ፤ በከባድ ነፋስ ቀዳዳው ቡሙ ጋ እስኪደርስ ድረስ። የሸራው አናት ይከፈትና ትርፉን ነፋስ ያፈሳል።

ቫንግ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። መነሻው ይህ ነው፦ የቡሙ የኋላ ብሎክ ከታችኛው ብሎክ ጋር እስኪነካካ ዋናውን ገመድ ጎትቺ፣ ከዚያ የቫንጉን ልልነት ብቻ ሰብስቢ። ለመካከለኛ ነፋስ ይኸው ይበቃል። ነፋሱ ሲበረታና ገመድ መልቀቅ ስትጀምሪ ከዚያ በላይ አጥብቂ፤ ቡሙ ወደ ጎን ቢወጣም ወደ ላይ አይነሳም፣ ምሰሶውም ጎብጦ ሸራውን ይዘረጋል። ከ65 ኪሎ በታች የሆነች ሴት ከከባዶቹ ቀድማ ወደዚህ መምጣት አለባት። ጠንቁ ሁለት ነው። ቡሙ ዝቅ ስለሚል ታክ ስታደርጊ አንገትሽን ደፍተሽ ካላለፍሽ ራስሽን ይመታሻል። የላይኛውን (ወደ ነፋሱ ያለውን) ምልክት ዞረሽ ቁልቁል ስትዞሪ ደግሞ የቡሙ ጫፍ ውሃ ይነክሳል፣ ሸራው መከፈት ያቅተዋል፣ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ስለዚህ ከምልክቱ ሦስትና አራት የጀልባ ርዝመት ሲቀርሽ ቫንጉን አላዪ። ምልክቱ ላይ ሆነሽ ላላላው ካልሽ እጅ አይተርፍሽም።

ገላ

ከጀልባዋ ጠርዝ ውጪ ተንጋሎ ክብደት መስጠት ሃይኪንግ ይባላል። የወለሉን ማሰሪያ፣ ስትንጋለዪ ጠርዙ የጭንሽ መሃል ላይ እንዲያርፍ አድርገሽ አስተካክዪ። ማሰሪያው ከላላ ቂጥሽ ውሃ ይነካል፤ ከጠበቀ ጉልበትሽ ታጥፎ ጫናው ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል። የእግር ጣቶችሽን ትንሽ ወደ ውጪ አዙሪ። ቤት ውስጥ በሃይኪንግ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ደቂቃ ተንጋሎ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ አምስት ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን በቂ መነሻ ነው። ከዚያ ጋር ለኋላ ጭንና ለወገብ የሚሆን የክብደት ሥራ ጨምሪ፤ የፊት ጭን ብቻ ሲጠነክር ጉልበት ይታመማል።

በብዙ ስፖርት ሴትን "ቀንሺ" ይሏታል። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው፤ 56 ኪሎ የሆነች ተወዳዳሪ በ18 ኖት ነፋስ ሽቅብ ስትወጣ ከ68 ኪሎዋ ጋር አትስተካከልም። ጨምሪ፣ ነገር ግን በጡንቻ ጨምሪ። የምታወጪውን ያህል ካልበላሽ መጀመሪያ የሚነግርሽ የወር አበባሽ ነው፦ ሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም ደጋግሞ አጥንትሽ ከተሰነጠቀ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። "ስፖርተኛ ስለሆንሽ ነው፣ ተዪው" የሚልሽን አትስሚ።

በውድድር ቀን አራትና አምስት ሰዓት ባሕር ላይ ትቆያለሽ። 1.5 እስከ 2 ሊትር ውሃ ያዢ። ለጠዋት ገንፎ ወይም አጃ፣ ከዙር ዙር ደግሞ ሙዝ፣ ተምር፣ ወይም በማር የተበጠበጠ በሶ በጠርሙስ። ቆሎ እዚህ አይሆንም፤ አፍ ያደርቃል፣ በእርጥብ ጓንትም አይያዝም። በጾም ወራት ምስርና ሽሮውን፣ ለውዙን በእጥፍ አድርጊ። እስከ 9 ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ በፀሐይ ላይ መንጋለል ግን ራስን ያስታል፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተመካከሪ። ለረመዳን ጿሚዋም ነገሩ ያው ነው፤ አሠልጣኟ ይወቅ፣ በአጃቢው ጀልባ ላይም ውሃ ይኑር።

ሽንትን ለማስቀረት ብሎ አለመጠጣት የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚተርፈው ቁርጠትና የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው። እርጥብ ልብስ የሚባለውን፣ ውሃ የሚያስገባውን የባሕር ልብስ ከለበስሽ ከጅማሬው በፊት ወደ ውሃ ገብተሽ ጨርሺ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ደረቅ ልብስ (ውሃ የማያስገባውን) ስትገዢ ግን ለሴት የተሠራ ተጨማሪ ዚፕ ያለው መሆኑን ጠይቂ። ለወር አበባ የንጽሕና መጠበቂያ ፎጣ ባሕር ላይ ከንቱ ነው፤ የባሕሩን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ታምፖን ከገባ ጀምሮ ቢበዛ ለ8 ሰዓት፣ የሲሊኮን ኩባያ ቢበዛ ለ12 ሰዓት ይቆያል። ኩባያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በውድድር ቀን አትሞክሪው።

ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪ። የተለቀቀ ፀጉር ታክ ላይ ቡሙ ሥር ስታልፊ በቫንጉ ብሎክ ይያዛል፤ ሹሩባ ከኮፍያ ሥር ለሳምንት ያስቀምጥሻል፣ ጨውም አያበላሸውም። ከተንሳፋፊው ሰደርያ በላይ ስስ የላስቲክ ሹራብ ደርቢ፤ ገመድ የሚነክሰው ማንጠልጠያ አይተርፍም። ጨውና ስፌት ሲገናኙ ቆዳ ይልጣሉ፤ ጡት ማስያዣሽ ስፌት አልባ ይሁን፣ ብብትና አንገት ሥር ቫዝሊን ቀቢ።

ከወሊድ በኋላ የምትመለስ ሴት ከሃይኪንግ አግዳሚው በፊት የዳሌ ወለል ጡንቻዋን በፊዚዮቴራፒ ታስመርምር፤ መንጋለል ሆድ ውስጥ ከፍተኛ ጫና ይፈጥራል። በጠፍጣፋ ውሃና በደካማ ነፋስ መጀመር ይሻላል።

አምስቱ ደቂቃዎች

ውድድሩ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ።

የጅማሬው መስመር በዳኞች ጀልባና በአንድ ምልክት መካከል ያለ የማይታይ ክር ነው። ከጅማሬው 20 ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። በመስመሩ መሃል ቁሚና አፍንጫሽን በቀጥታ ወደ ነፋሱ አድርጊ፦ አፍንጫሽ ያዘነበለበት ጫፍ ወደ ላይኛው ምልክት የቀረበው ነው። ልዩነቱ ትንሽ አይምሰልሽ። መስመሩ 100 ሜትር ቢሆንና 5 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል የተሻለው ጫፍ ወደ 9 ሜትር ይቀድማል፤ ሁለት የጀልባ ርዝመት ማለት ነው። ቀጥሎ በመስመሩ ጫፍ ላይ ሆነሽ በምልክቱ በኩል ወደ የብስ ተመልከቺ፤ ከምልክቱ ጋር የሚገጥም ሕንፃ ወይም ዛፍ ያዢ። በኋላ መሃል ላይ ስትሆኚ መስመሩ የት እንዳለ የሚነግርሽ እሱ ብቻ ነው። መሃል የሚቆሙ ጀማሪዎች ከመስመሩ አንድ ሁለት ጀልባ ወደ ኋላ የሚቀሩት ይህን ስለማይዙ ነው።

አምስት ደቂቃ ሲቀር የክፍልሽ (የጀልባ ዓይነትሽ) ባንዲራ ከድምፅ ጋር ይሰቀላል። ሰዓትሽን በባንዲራው አስጀምሪ፤ ድምፅ በአየር ይዘገያል፣ ደንቡም የሚያውቀው የሚታየውን ነው። አራት ሲቀር የመሰናዶ ባንዲራው ይወጣል፤ የትኛው እንደሆነ እዪ። የፒ (P) ባንዲራ ከሆነ ቀድመሽ ብታልፊም ተመልሰሽ መጀመር ትችያለሽ። የዩ (U) ባንዲራ ከሆነ በመጨረሻው አንድ ደቂቃ ውስጥ በመስመሩና በመጀመሪያው ምልክት መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከተገኘሽ ከዙሩ ወጥተሻል፤ ጅማሬው እንደገና ከተጠራ ብቻ ትተርፊያለሽ። ጥቁር ከሆነ ጅማሬው ቢደገምም አይምርሽም። አንድ ደቂቃ ሲቀር ባንዲራው በረጅም ድምፅ ይወርዳል።

የመጨረሻው ደቂቃ እንዲህ ይሂድ። 60 ሴኮንድ ሲቀር በስታርቦርድ ታክ ላይ፣ ማለትም ነፋሱ በቀኝ ጎንሽ እየመጣ፣ ከመስመሩ ሁለት የጀልባ ርዝመት ወደ ኋላ ቦታሽን ያዢ። ከዚያ ጀምሮ ሥራሽ ከታችሽ ያለውን ክፍተት መጠበቅ ነው፤ ከአንድ ጀልባ ወርድ የሚበልጥ ቦታ። ያ ክፍተት ሲጀመር ወደ ታች ዘንበል ብለሽ ፍጥነት የምትሰበስቢበት ሜዳሽ ነው። ከኋላ የሚመጣ ሊሰርቀው ይሞክራል፤ ቡምሽን ወደ ውጪ ገፋ አድርገሽ፣ አፍንጫሽንም ወደ እሱ ዘንበል አድርገሽ በሩን ዝጊ። 40 ሴኮንድ ሲቀር ሸራው ይርገብገብ፣ ጀልባዋ ቆማ ማለት ይቻላል። ወደ ኋላ ለመሄድ ሸራውን በእጅሽ ከገፋሽ ግን ከሌሎች ሁሉ መራቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። 8 ሴኮንድ ሲቀር እጀታውን ወደ አንቺ ሳቢ፣ ገመዱን በሁለት ረጃጅም ስበት ሰብስቢ፣ ተንጋለዪ፤ ዜሮ ሲል ሙሉ ፍጥነት ላይ ትሆኛለሽ። ከቆመችበት ሙሉ ፍጥነት ለመድረስ ጀልባሽ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅባት በልምምድ ቆጥረሽ እወቂ፤ 8 የሚለው ቁጥር በአንቺ ክብደትና በዕለቱ ሞገድ ይቀየራል።

ቀድመሽ ካለፍሽ የኤክስ (X) ባንዲራ በአንድ ድምፅ ይወጣል። ከተጠራጠርሽ ተመለሺ፤ መላ ቀፎሽ ከመስመሩ ኋላ መግባት አለበት፣ ስትመለሺም ለሁሉም መንገድ ልቀቂ። ያልተመለሰች ጀልባ የተመዝጋቢዎችን ቁጥር ሲደመር አንድ ነጥብ ትቀበላለች። 40 ጀልባ ካለ 41። አንደኛ 1፣ ሁለተኛ 2 በሚቆጠርበት ስፖርት ይህ ሳምንት ያበላሻል፣ ምንም እንኳ ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ መጥፎው ውጤት ቢሰረዝም።

ሽቅብና ቁልቁል

ከጅማሬው በፊት በሁለቱም ታክ ላይ የኮምፓስሽን ቁጥር በጥቁር እርሳስ ወለሉ ላይ ጻፊ። ሽቅብ ስትወጪ ነፋሱ አፍንጫሽን ከምልክቱ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ አርቆ ካዞረሽና 10 ሴኮንድ ከቆየ ታክ አድርጊ። እያንዳንዱ ታክ አንድ የጀልባ ርዝመት ያህል ያስከፍላል፤ በየሽውታው የምታዞር ሴት ነፋሱን አገኘሁ ስትል ትከስራለች።

መንገድ የማን እንደሆነ ሳያስቡ ማወቅ ግዴታ ነው። ነፋስ በግራ ጎኗ የሚመጣላት ጀልባ (ፖርት) በቀኝ ለሚመጣላት (ስታርቦርድ) ትለቃለች። በአንድ ታክ ላይ ያሉ ከሆኑ ላይኛዋ ለታችኛዋ ትለቃለች። ከኋላ ያለችው ከፊቷ ላለችው። ታክ በማድረግ ላይ ያለችው ለሁሉም። የክለብ ውድድር ላይ ወንድና ሴት አብረው ይወዳደራሉ፤ ስታርቦርድ ላይ ሆነሽ ትልቅ ሰውዬ በፖርት ሲመጣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ "ስታርቦርድ!" በዪ፣ መንገድሽንም አትቀይሪ። ግጭት የማይቀር ከሆነ ብቻ ዙሪ፤ መብት ያለሽ ብትሆኚም ጀልባ መስበር አይፈቀድልሽም።

የምልክት ዞን (በምልክቱ ዙሪያ ያለው ክልል) ሦስት የጀልባ ርዝመት ነው፤ ለኢልካ 12.7 ሜትር ገደማ። በፖርት መጥተሽ ዞኑ ውስጥ ታክ ማድረግ በስታርቦርድ ከተሰለፉት ጋር ያጋጭሻል። አምስትና ስድስት ጀልባ ርዝመት ሲቀር በስታርቦርድ ሰልፉ ውስጥ ግቢ፤ ትንሽ ቦታ ብትከፍዪም ይሻላል።

ቁልቁል ሲሆን ቫንግና ከኒንግሃም ይላላሉ፣ የመሃል ሰሌዳው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ይላል። ጀልባዋ በድንገት ወደ ላይኛው ጎን መወዛወዝ ከጀመረች፣ ቫንጉ በዝቶ ላልቶ ሸራውም ከምሰሶው ፊት አልፎ እየገፋት ነው፤ ግማሽ ሜትር ገመድ ሰብስቢ፣ ትንሽ ወደ ነፋሱ ዙሪ፣ ሰሌዳውን አውርጂ። ጃይብ ስታደርጊ ደግሞ የዚህች ጀልባ የታወቀ እርግማን አለ፦ ዋናው ገመድ በጀልባዋ የኋላ ጥግ ይጠለፋል። ቡሙ መሃል ሲያልፍ ገመዱን አንድ ጊዜ በኃይል ነጠቅ አድርጊው፤ ከውሃው ተነስቶ ያልፋል።

ከተገለበጥሽ ከመነሳትሽ በፊት ዋናውን ገመድና ቫንጉን ልቀቂ። ቫንግ ጠብቆ የምትነሳ ጀልባ ወዲያው ሸራዋ ነፋስ ይዞ በሌላው ጎን ትወድቃለች፤ ቀለል ያለች ሴት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነባት ጉልበቷ ያልቃል። ሰሌዳው ላይ ጠርዙን ይዘሽ ቁሚ፣ ወደ ኋላ ተንጋለዪ፣ ሸራው ከውሃ ሲላቀቅ ቀስ ብለሽ ግቢ።

ጥፋትና ክስ

ምልክት ከነካሽ አንድ ዙር፤ የሌላን መንገድ ከዘጋሽ ሁለት ዙር ወዲያውኑ፣ ከሌሎች ርቀሽ ትዞሪያለሽ። በአንዱ ዙር ውስጥ አንድ ታክና አንድ ጃይብ መኖር አለበት። ጀልባዋን በገላ እያወዛወዙ ወይም ሸራውን እንደ ማራገቢያ ደጋግሞ እየሳቡ መግፋት ክልክል ነው፤ ዳኛ በፉጨትና በቢጫ ባንዲራ ከጠቆመሽ መጀመሪያ ሁለት ዙር፣ ቀጥሎ ቅጣቱ ይከብዳል።

ሌላዋ ከበደለችሽ ወዲያውኑ "ፕሮቴስት!" ብለሽ ጩሂ። ቀፎዋ ከ6 ሜትር በታች ለሆነች ጀልባ ቀይ ባንዲራ አያስፈልግም፣ ያለ ጩኸቱ ግን ክሱ አይሰማም። የብስ ስትደርሺ የክስ ማቅረቢያው ሰዓት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ ልብስ ሳትቀይሪ ቅጹን ውሰጂ። "አጠፋች" ብሎ መጻፍ አይበቃም። ነፋሱ ስንት ኖት እንደነበር፣ በስንት የጀልባ ርዝመት እንዳየሻት፣ ማን ምን ታክ ላይ እንደነበረ፣ ማን ዞሮ ግጭቱን እንዳስቀረ ጻፊ። ያየች ተወዳዳሪ ካለች ከመሄዷ በፊት ያዢያት።

ማታ

ጀልባዋን፣ ገመዶቹን፣ ብሎኮቹን በንጹሕ ውሃ እጠቢ፤ የምሰሶውን ጉድጓድም አትርሺ። ሸራውን ጠቅልዪው እንጂ አታጣጥፊው። የምሰሶውን የላይ ቁራጭ እንደገና አንከባልዪ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ብዪ፤ ክብደትሽን መዝኚና ከጠዋቱ ከአንድ ኪሎ በላይ ከቀነሰ የጎደለው ውሃ ስለሆነ ነገ ጠርሙስ ጨምሪ። ከዚያ አፍንጫዋን ከፍ አድርገሽ ቡሹን ንቀዪ፣ የሚወጣውን ውሃ በጆግ ተቀበዪ። አንድ ሲኒ ከሆነ ደህና ነው። ከሊትር ካለፈ ማፍሰሻው የት እንደሆነ ሳትተኚ ፈልጊ፤ መጀመሪያ የምሰሶውን ጉድጓድ፣ ቀጥሎ የመሪውን ማያያዣ ቡሎኖች፣ ከዚያ የራሱን የቡሹን ላስቲክ።